ጋሽ ምናለ ላፕቶፕ የገዙ ጊዜ

ጋሽ ምናለ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ቤተልሔም ናት። ስልኩን ሳነሳ ድምጿ የረጋ ነበር። «ትናንት ከሰዓት ሜዳ ዳር ተቀምጦ ልጆች ሲያጫውት ነበር» አለችኝ። «ደከመኝ ብሎ ቤት ገባ፣ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ።» ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አሁን አላስታውስም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንባዬም ፈገግታዬም አንድ ላይ እንደመጡ አስታውሳለሁ። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ሳይስቅ ሊያለቅስላቸው አይችልም።

ጋሽ ምናለ እንጅባራ ውስጥ እኔ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ከጎንና ከጎን የሸበተ ሰው ናቸው። ክረምት ከበጋ ያው ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚታዩት። ከተማዋን እንጅባራ ብለው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእሳቸው ሁልጊዜ ቆሰበር ናት። እኔንም በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደማስተምር ጠይቀውኝ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ስሜ «ኮምፒውተር» ሆኖ ቀረ። «ኮምፒውተር፣ ሻይ ጠጣህ?» ይሉኛል ከሜዳው ማዶ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ።

ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ አንድ ጌም ቤት ነበር። ተማሪዎች ክፍል እየዘለሉ እዚያ ይገባሉ፤ ብዙዎቹ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ጋሽ ምናለ ያንን ቤት እንደ ጠላት ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን የጌም ቤቱ ባለቤት አንዱ ኮምፒውተር አልነሳ ብሎት እኔን ጠርቶኝ ወለል ላይ ተንበርክኬ ገመድ ስነቃቅል፣ በሩ ላይ ፊሽካ ተነፋ። ተማሪው ግማሹ በጓሮ በር፣ ግማሹ በመስኮት ወጣ። ጋሽ ምናለ ገብተው ባዶ የቀረው ወንበር አጠገብ ቆሙና ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት። ተጫዋቾቹ ያለ አዛዥ ሜዳው ላይ ቆመዋል።

«ይኸ ነው ኳስ የሚሉት?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚያልበው?»

«ማንም አያልበውም።»

«እንግዲያ ኳስ አይደለም» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ነው ስትሮክ የመታቸው። ጧት ሰልፍ ላይ ነበርን። ፊሽካቸውን ሊነፉ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው ሊያነሱት ሲሉ እሳቸውም ተከትለውት ወደቁ። ተማሪው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰልፍ ጸጥ አለ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ሰንብተው ሲመለሱ ንግግራቸው ተርፏል፤ እግራቸውም በከዘራ ይራመዳል። ግራ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ እንደታጠፈ ቀረ፤ ጣቶቹ አይዘረጉም፣ አይጨብጡም። የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጣቸው ባለሙያ አንዲት ለስላሳ የጎማ ኳስ ሰጥታቸው ነበር። «በየቀኑ ይጭመቁ፤ የሚመለሰው በነዚህ ወራት ነው፤ ጊዜው ካለፈ ያስቸግራል» ብላቸዋለች። እሳቸው ኳሷን ወስደው አልጋ ሥር ወረወሯት። «ዕድሜ ልኬን ኳስ ሳስተምር ኖሬ በሕፃን ኳስ ልጨርስ?» አሉ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰው ማየት ተዉ። ቤታቸው ከሜዳው ፊት ለፊት ነው። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ የነበረችውን የቀርከሃ ወንበራቸውን አዞሯትና ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ግድግዳ እያዩ ይውሉ ጀመር። ጠያቂ ሲመጣ ተኝቷል በሉት ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ብርቱ ሴት ናት፤ ግን አንድ ቀን ገበያ አግኝታኝ «ኮምፒውተር፣ ሰውዬው ከእጁ በፊት ሌላው ነገሩ እየሞተብኝ ነው» አለችኝ።

እኔን ወደዚያ ቤት ያስገባኝ የቤተልሔም ትምህርት ነው። ቤቲ የመሰናዶ ፈተናዋን አልፋ ጎንደር ተመድባ ነበር። ኮምፒውተር ነክታ ስለማታውቅ ከመሄዷ በፊት እንዳስለምዳት እናቷ ለመነችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴን ላፕቶፕ ይዤ እሄዳለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ከፍተን እናጠናለን። ጋሽ ምናለ ሰላምታዬን በራሳቸው ነቅነቅ አድርገው ይመልሱና ወደ ግድግዳቸው ይዞራሉ።

ቤቲ ስትሰለች ላፕቶፑ ላይ የነበረውን የኳስ ጌም ትከፍታለች። በሁለት እጅ ተይዞ ተጫዋቾቹ የሚታዘዙበት ጆይስቲክም ነበረኝ። ልጅቷ መጫወት አትችልም፤ ግን አባቷ ቤት ያደገች ስለሆነች መሸነፍም አትችልም። አንድ ቅዳሜ እንደዚያ እየተጫወተች ጎል ተቆጠረባት፤ ሌላ ተደገመባት። ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

«ተከላካዩን ለምን ፊት አመጣሽው?»

ሁለታችንም ዞር አልን። እሳቸው አልዞሩም።

«አንቺን እኮ ነው። ከኋላ ባዶ ነው ያለሽ፤ ሲሮጥ ይሰማኛል።»

«በምን አወቅህ አባዬ? ጀርባህን ሰጥተህ!»

«ሕዝቡ ሲጮህ እሰማለሁ። ሕዝብ እንደዚያ የሚጮኸው ኋላ ባዶ ሲሆን ነው።»

ቤቲ ጎል ገባባት። ያን ጊዜ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና ከነወንበራቸው ዞሩ። «አምጪው ወዲህ» አሉ። ጆይስቲኩን በቀኛቸው ተቀበሉት። የታመመችውን እጅ ማንም አላሰበም፤ ተጫዋቹን ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅሰው ግን የግራ አውራ ጣት ነው። ቤቲ ግራ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ ቀስ ብላ አወረደችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘርግታ ጆይስቲኩን አስያዘቻቸው፤ አውራ ጣታቸውን ከላይ አስቀመጠችላቸው። ጣቱ በራሱ ክብደት ወደ አንድ ወገን ብቻ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያለው አጥቂ የማዕዘኑን ባንዲራ እየዞረ መሮጥ ጀመረ፤ ዞሮ ዞሮ አላባራ አለ።

«ይኸ ልጅ ጠጥቶ ነው እንዴ የገባው?» አሉ ጋሽ ምናለ፤ ከዚያ ሳቁ። እትዬ ጥሩወርቅ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። ያንን ሳቅ ከታመሙ ጀምሮ ሰምታው አታውቅም።

ላፕቶፔን ለሳምንት ትቼላቸው ሄድኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ገና በር ላይ ሆነው «ኮምፒውተር፣ ና እይ!» አሉኝ። አውራ ጣታቸው ወደ ግራ ትሄዳለች። ወደ ቀኝ ገና ናት፤ ወደ ግራ ግን እሳቸው ሲያዟት ትሄዳለች። አጥቂያቸው በግራ መስመር ብቻ ነበር የሚያጠቃው። በዚያው ሳምንት የጎማ ኳሷን ከአልጋ ሥር አስፈልገው አስወጧት።

ችግሩ ላፕቶፑ የእኔ መሆኑ ነው። ማስተማሪያዬ ነው፤ ደግሞ አርጅቷል፣ ትንሽ ሲጫወቱበት ይግልና ይጠፋል። ቤተሰቡ ለቤቲ ጎንደር ይዛው የምትሄደው ላፕቶፕ ለመግዛት አስቀድሞ አስቦበት ነበር። ሁለት ለመግዛት ግን አቅሙ የለም። አንድ ብቻ ነው የሚገዛው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን በአፉ አላወጣውም።

አብሮኝ የተማረ ፈንታሁን የሚባል ልጅ ዳንግላ ውስጥ ያገለገሉ ላፕቶፖች ይሸጥ ነበር። ደወልኩለት። «በረከሰ ዋጋ ጌም የሚያጫውት እፈልጋለሁ» አልኩት። ሁለት እንዳሉትና መጥተን እንድንመርጥ ነገረኝ። ጋሽ ምናለ፣ ቤቲና እኔ በሚኒባስ ሄድን። ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ ከቆሰበር ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። አጠገባቸው ድንች በከረጢት ያቀፈች ባላገር ሴት ተቀምጣ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም መለሱላት፤ ሴትዮዋ ቱታቸውንና ከዘራቸውን አየት አድርጋ ሳቋን ለቀቀችው።

«ምን አልካት?» አለች ቤቲ።

«ታመው ሳሉ ወዴት ነው አለችኝ። ኳስ ልጫወት ዳንግላ አልኳት።»

ፈንታሁን ሁለቱን ላፕቶፖች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ከፈተልን። ለዓይን መንትያ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር፣ የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ ስክሪናቸው እኩል፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ። ልዩነታቸውን እኔ አየሁትና ነገርኳቸው። አንደኛው ወፈር ይላል፤ ውስጡ ለሥዕል ብቻ የሚሠራ የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ጌም ያለ ችግር ያጫውታል። ግን ከባድ ነው፤ ባትሪውም ደክሟል፣ ከመብራት ሲነቀል ብዙ አይቆይም። ሁለተኛው ያ ካርድ የለውም። ቀላል ነው፤ ባትሪው ግማሽ ቀን ይሠራል፤ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ከክፍል ክፍል ለሚዞር ተማሪ የሚሆን ነው።

ማናችንም ወደ አንዱ እጃችንን አልዘረጋንም። ፈንታሁን ምን እንደነካን ገርሞት አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል።

«ሁለቱንም እንሞክራቸው» አለች ቤቲ።

ያመጣሁትን ጌም ሁለቱም ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ ወፍራሙን ሞከሩት። ኳሱ እንደ ውኃ ፈሰሰ።  ቀጥሎ ቀላሉን ሞከሩ። ተጫዋቾቹ ይሮጡና ይደርቃሉ፤ ኳሱ እዚህ ታይቶ እዚያ ይገኛል።

«ይኸኛው ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ምናለ ወዲያው።

«አባዬ፣ ኳሱ እኮ እየዘለለ ነው።»

«ኳስ ይዘላላ! የማይዘል ኳስ የት አይተሻል?»

«ሰውየውም እየዘለለ ነው።»

«የበረታ ተጫዋች ነው።»

«በረኛውም ቆሞ ቀረ አባዬ!»

«ያስባል!» አሉ ጮክ ብለው። ፈንታሁን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ። ቤቲ ግን አልሳቀችም። ጋሽ ምናለም ጆይስቲኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ተማሪ ነሽ። እኔ ጨርሻለሁ። ቀላሉን ውሰጂና እንሂድ» አሏት። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ተከተልኳቸው። ደጁ ላይ ከነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ባጃጆቹ ሲተላለፉ ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እውነቱን ንገረኝ ኮምፒውተር። እጄ ይመለሳል?»

«አላውቅም ጋሼ። እኔ የማውቀው ማሽን ነው።»

«ያቺ ሐኪም ጊዜው ካለፈ ያስቸግራል ብላኛለች።» ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አዩት። «እዚያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪ ኮምፒውተር የለም?»

«አለ። እኔም በሱ ነው የተማርኩት።»

«ወረፋ አለው?»

መዋሸት አልፈለግሁም። «አለው። ረጅም ነው።»

«አየህ» አሉኝ። «ልጄን ወረፋ ላይ አቁሜ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ኳስ ልጫወት? ይኸንን ምን ብዬ ነው ለሰው የምናገረው? እነዚያን ልጆች በፊሽካ እያባረርኩ ኖሬ?»

 እውነት ለመናገር በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ቀላሉን ነበር የምመርጠው። እንደዚያ እያሰብኩ ሳለሁ ቤቲ ወጣች። ቦርሳ አንግታለች። ከክብደቱ የተነሳ ትከሻዋ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል።

ጋሽ ምናለ ቦርሳውን አዩት፤ ገባቸው። ፊታቸው ቀላ።

«መልሽው።»

«አልመልስም።»

«ቤተልሔም!»

«አባዬ፣ እኔ ወረፋ መጠበቅ እችላለሁ። ያንተ እጅ ግን አይጠብቅም።» ቦርሳውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ግድግዳ እያየህ ትቼህ ከሄድኩ እዚያ ምንም አልማርም። በሁለት ላፕቶፕም አልማር። ይኸ ከኋላዬ ቤት ውስጥ ካለ ግን አምሽቼም ተሰልፌም እማራለሁ።»

መንገደኛው ቆሞ ያያቸው ጀመር። ጋሽ ምናለ መንገደኛውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ቦርሳውን ከትከሻዋ ተቀበሏት። «ይከብዳል» አሉ። «ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው።» በከዘራቸው እጅ ላይ ቦርሳውን አንጠልጥለው እስከ መናኸሪያ ድረስ እያነከሱ ሄዱ፤ ልርዳዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ።

ቤቲ ጎንደር ሄደች። ጋሽ ምናለ ደግሞ ልምምድ ጀመሩ። ጨዋታ ብዬ እንዳልጠራው ይቆጡኝ ነበር፤ ልምምድ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ቱታቸውን ይለብሳሉ፤ ፊሽካቸውን ያንጠለጥላሉ። የቀርከሃ ወንበሯ ላይ ሆነው ያሟሙቃሉ፦ አንገት፣ ትከሻ፣ ከዚያ የታመመችውን እጅ በጤነኛዋ ደግፈው እስከሚችሉት ድረስ ወደ ላይ ማንሳት። በራሷ ከደረት አልፋ አትወጣም ነበር፤ በድጋፍ ግን ትሄዳለች። ከዚያ ላፕቶፑ ይከፈታል። ከትምህርት በኋላ ጎራ ስል ከእኔ ጋር ይጫወታሉ። ጥፋት ስሠራ እዚያው ጆሮዬ ላይ ፊሽካ ይነፋሉ፤ ጌሙ ዝም ያለውን ጥፋት እሳቸው ያያሉ። «ዳኛው ቢያልፍህ እኔ አላልፍህም!»

መብራት በጠፋ ቁጥር ያ ደካማ ባትሪ ወዲያው ይከዳቸዋል። ያኔ ተራግመው ጆይስቲኩን ያስቀምጡና የጎማ ኳሷን አንስተው ይጨምቃሉ፤ መብራቱ እስኪመጣ አያቆሙም። እትዬ ጥሩወርቅ «መብራት ኃይል ነው የሚያክምልኝ» ትል ነበር።

ቤቲ ስትደውል የሚያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ «ወረፋው እንዴት ነው?» ነው። እሷም «አጭር ነው አባዬ፣ ወዲያው ነው የሚደርሰኝ» ትላለች። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ትዋሻለች። ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል» ይሉኛል። ከዚያ ጆይስቲኩን ያነሳሉ፤ እንደዚያ ባሉበት ቀን ደግሞ ሌላ ጊዜ ከሚለማመዱት በላይ ይለማመዳሉ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ አውራ ጣቷ ወደ ቀኝም መሄድ ጀመረች። ብርጭቆ መያዝ ቻሉ፤ ቀጥሎ የቱታቸውን ዚፕ በሁለት እጅ መዝጋት። አጥቂያቸውም በሁለቱም መስመር ይመጣብኝ ጀመር፤ እኔም መሸነፍ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ስገባ የቀርከሃ ወንበሯ ዞራ ፊቷን ለመስኮቱ ሰጥታ አገኘኋት። ውጪ ተማሪዎች ይጫወታሉ። ጋሽ ምናለ መስኮቱን ከፍተው «አንተ አሥር ቁጥር! ኳሱን ከመያዝህ በፊት ቀና ብለህ እይ እንጂ!» እያሉ ይጮሃሉ። ማን እንዳዞራት አልጠየቅሁም።

ቤቲ ለሴሚስተር ዕረፍት የመጣችው የፈረሰኞቹ በዓል ሰሞን ነው። ከተማው በፈረስ ተሞልቶ፣ መንገዱ ሁሉ አቧራና የቃጭል ድምፅ ነበር። ከስታ፣ ግን ደስ ብሏት ነበር የመጣችው፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ቦርሳዋን ገና ሳታስቀምጥ አባቷ «ተቀመጪ፤ ያንን ሁሉ ወረፋ የቆምሽበትን ነገር ላሳይሽ» አሏት።

ከፈንታሁን ሌላ ጆይስቲክ አምጥቼ ነበርና ሁለቱ ገጠሙ። ቤቲ እንደ ድሮዋ የምትሸነፍ አልነበረችም፤ ጎንደር ካሉ ልጆች ተምራለች። አንድ ለአንድ ሆኑ። እትዬ ጥሩወርቅ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጋሽ ምናለ በቀኝ መስመር ወጡ፣ ወደ ውስጥ ታጠፉ፣ መቱ። ገባ።

«ጎል!» ብለው ጮኹ። ጆይስቲኩ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ሁለቱም እጆቻቸው ወደ ላይ ተነሡ።

«ኦፍሳይድ ነው!» አለች ቤቲ ስክሪኑን እየጠቆመች። «አባዬ ኦፍሳይድ ነው፤ ድጋሚውን እየው! እየው፣ አንድ እግሩ አልፏል!»

እትዬ ጥሩወርቅ ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ምናለ» አለች በሹክሹክታ። «እጅህ።»

ጋሽ ምናለ ቀና ብለው አዩ። ግራ እጃቸው፣ ማንም ሳይደግፋት፣ ከራሳቸው በላይ፣ ከቀኟ ጎን ተዘርግታ ቆማለች። ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ቤቲ አሁንም ስክሪኑ ላይ ጣቷን ቀስራ ትከራከራለች፤ ገና አላየችም። እሳቸውም አልጠሯትም፣ አልተናገሩም። ዞር ብላ እስክታያቸው ድረስ እጃቸውን ሳያወርዱ ጠበቋት።